የማርሚታ ልክ

ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ድልድይ ጥቂት ከፍ ብሎ፣
አንድ ቆርቆሮ ቤት አለ፣ ዝገት ተንተርሶ፣ ጥላሸት አዝሎ።
በሩ ላይ በቀለም፣ ፊደሉ ተንጋዶ፣
«ማርሚታ እንበይ…» ይላል፣ የቀረው ታጥቦ ወርዶ።

ጌታው ሙሄ ይመር፤ ግራ ጆሮው አይሰማም፤
በጎረምሳነቱ ክፍት ቱቦ ሲያስጮህ የከፈለው ነው፤ ማንንም አያማም።
ሞተር ሲያስነሱለት፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትንፋሹን ገትቶ፣
መዳፉን ከቱቦው አፍ አንድ ጋት አስጠግቶ፣
ትርታ ያዳምጣል።
እኔ ተለማማጁ፣ መዶሻ አቀባይ፣
ሦስት ክረምት አለፈኝ ያንን መዳፍ ሳይ።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ዳውድ ባለ አይሱዙ
ሲሚንቶ አራግፎ መጣ፤ ወሬው እንደ ጭነቱ፣ ከልክ በላይ ብዙ።
«ይህን ድስት ቁረጥልኝ፤ ሞተሬን አፈነው፤
ዶሮ መዝለያ ላይ ስደርስ እንደ አስም በሽተኛ ነው።
ባዶ ቱቦ የገጠመ ጓደኛዬ አለ፤
ዳገቱን ገና ሲጀምር፣ ደሴ ያለው ሰው ሁሉ ‹መጣ!› አለ።»

ሙሄ ደህናውን ጆሮ አዞረለት።
«መምጣቱስ ይሰማል። መድረሱን፣ ሰዓት ይዘህ ቆጠርክለት?
ጭስ እንደ ሰኞ ገበያተኛ ነው፤ መንገዱ ልክ ሲሆን የፊቱ የኋላውን ይስባል፤
ሜዳ ከለቀቅክበት ይበተናል፣ ይዘናጋል፣ ያዛጋል፤
ካጠበብከው ደግሞ ሞተሩ የተፋውን መልሶ ይጠጣል።
ድምፁን ቢሆን በጨርቅ አልጠቀልለው፤
ከግድግዳ አጋጭቼ፣ በራሱ ማሚቶ ነው የምገድለው።
ሄያጁ ከተመላሹ ይገናኛል፤ ይጣላል፤ ይተኛል።
ልኩ እዚህ መሃል ነው፣ ጣት በምታህል ስፍራ፤ የታገሠ ያገኛል።»

«ብር የሚከፍለው ማነው?» አለ ዳውድ። ሙሄም ዝም አለ።
ግራይንደር አነሳሁ፤ ብልጭታው ጣሪያ ድረስ ዘለለ።

ሲወጣ የዘሃራ በግ ገመዱን በጠሰ፤
የሱቅ መስታወት ነዘረ፤ ሕፃን አለቀሰ።
እውነቱን ልናገር? ደስ አለኝ።
ያ ጩኸት ደረቴ ውስጥ ገብቶ፣ ለአንድ አፍታ እኔንም ትልቅ አደረገኝ።

ማታ ደሴ ገባ። ጦሳ ተራራ እንጂ ማርሚታ አይደል፤
የተቀበለውን ሁሉ፣ ቅንጣት ሳያስቀር፣ መለሰ።

ሸዋ በር፣ መጋዘን ሊያስጠጋ፣ ዳገቱን በኋላ ማርሽ ጀመረ፤
ረዳቱ ጀውሃር፣ ታኮ ድንጋይ ይዞ፣ ከጎማውና ከግንቡ መሃል ነበረ።
«በቃ!» አለ። «በቃ!» አለ። ስፖንዳውን በቡጢ ደበደበ።
ዳውድ የሚሰማው መኪናውን ብቻ።
አራት ጣት ሲቀረው፣ ሞተሩ ሳል ሳል ብሎት ጠፋ፤
በዝግታ ዳገት ላይ ክፍት ቱቦ ጉልበት አነሰው፣ አልገፋ፤
ወደ ፊት፣ ወደ ቁልቁለቱ፣ ሸተት አለ፤
እግር ወጣ፤ አንድ ነጠላ ጫማ ጎማ ስር ዋለ።
ሙሄ ያስጠነቀቀው ድካም ነው ሰው ያተረፈው።
ይህን የነገረን ጀውሃር ነው፤ ዳውድማ አፉን ቆለፈው።

ቅዳሜ መጡ። የተጨፈለቀው ጫማ ዳሽቦርዱ ላይ ተቀምጧል።
«ዝጋው» አለ ዳውድ።
«መዝጋት አላውቅም» አለ ሙሄ፣ ጠመኔ እየፈለገ።
ቆርቆሮ ጠቀለልን፤ ሆዱን ለሦስት ክፍል ከፈልን፤
የቀዳዳውን ቁጥር ጻፈ፣ ደለዘ፣ ጻፈ፤ እንደገና ቆጠርን።

ሞተሩ ሲነሳ፣ እጄን ያዘና ከቱቦው አፍ አስጠጋ።
ይመታል። መለስ ብሎ ይስባል። እንደ ተኛ ሰው ደረት ሲረጋ።
«አገኘኸው?» አለኝ።
«አዎ» አልኩት፤
በግራው በኩል ቆሜ ነበር፤ አልሰማኝም።

ጀውሃር ከመኪናው ኋላ፣ አዲስ ጫማውን አጥልቆ፣
ሊሞክረው ፈልጎ መሰለኝ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው፣
«በቃ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ዳውድ ፍሬን ያዘ።